የመጀመሪያው እምቢታ

ሳሌም ዛሬም በረንዳ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ስንለያትም እዚያው ቆማ ወደ ላይ እያንጋጠጠች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ቢኖር ኩርፊያዋ ብቻ ነው፤ ብሶበታል። ገና ዛሬ ለተቀላቀላችሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ የፍቅር ታሪክ ከመሃል ሲሰሙት ሐሜት ይመስላል።

ቤቱ የነጋዴው የአብዱላሂ ፎቅ ነው። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ወደ ሄሉ ሰፈር ሲወጡ ከቆርቆሮ ቤቶች መሃል ብቻውን ተገትሮ የሚታየው ባለ ሦስት ፎቅ። ሰዉ «ፍላቱ» ይለዋል፤ ሌላ ስለሌለ የቱ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከታች የአብዱላሂ ሱቅ፣ ከላይ የተከራይ ቤቶች፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከርና የልብስ ማስጫ ሽቦ። በሮቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ ግድግዳዎቹ ሁሉ ስስ ናቸው፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል።

የሳሌም አባት አቶ ቦጋለ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የገቡት ወደው አይደለም። ሆቴላቸው ለእንግዳ ጠበበና ከጀርባው ያለውን መኖሪያቸውን ወደ አልጋ ክፍልነት ስለለወጡት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም። «ዶሮ የማይረባበት፣ በርበሬ ለማስጣት ሰማይ የሚወጣበት ቤት!» ይላሉ፣ ደረጃው መሃል ወገባቸውን ይዘው ባረፉ ቁጥር።

ከእነሱ በላይ፣ ልክ በሳሌም ክፍል አናት ላይ፣ መምህር ጌድዮን ይኖራል። ሒሳብ ያስተምራል። አባቱ ኬንያዊ፣ የሜሩ ሰው፣ እናቱ የይርጋለም ልጅ ነበሩ፤ ያደገው ናይሮቢ ዳርቻ፣ እንደዚሁ ያለ ፎቅ ውስጥ ነው። እናቱን ሞት ሲነጥቀው ገና አሥር ዓመቱ ነበር፤ አማርኛውም እዚያው አሥር ዓመቱ ላይ ቆመ። በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ጎልማሳ «ደስ አለኝ» ሲል እንደ ሕፃን ነው። ሳሌምን የማረካት መጀመሪያ ይኼ ነው። የሆቴሉ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ምላሱ የተባ ወንድ አይታ ጠግባለች፤ ቃል ሲያጥረው ዓይኑ የሚናገርለት ወንድ ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ፍቅሩ ጣሪያው ላይ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ተጀምሮ በበረንዳ በኩል ቀጠለ። እሱ ከላይ ፌስታል በሲባጎ አስሮ ያወርዳል፤ አንድ ቀን ማንጎ፣ አንድ ቀን ያነበበው ጋዜጣ፣ አንድ ቀን ደግሞ በተንጋደደ ፊደል «ደህና ዋልሽ?» የሚል ብጣሽ ወረቀት። እሷ የእናቷን ዳቦ ትከትበትና ሲባጎውን ሳብ ታደርጋለች። እታለማሁ ዳቦው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ያላወቁ መስለው መጋገሩን አበዙ። እናት አትሞኝም።

ከዚያ ጌድዮን እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ እንደሚላክ የነገረችው ራሷ ሳሌም ናት፤ የቀረውን ግን አልነገረችውም። ይህን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ አለ ብላ አልጠረጠረችማ!

ዘመድ በአቅራቢያ ስለሌለው አከራዩን አብዱላሂን ለመነ። አብዱላሂ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ቦጋለ ቃሉን የሚሰሙት ሰው ነው። እሱም የቦረናውን አዛውንት፣ የሶሎሎ ከተማውን አባ ዲንቁን ይዞ አንድ እሑድ ደረጃውን ወጣ። ገብተው ቆሙ። «አረፍ በሉ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ የዲንቁ ጉልበት ግን ከዚያ ሁሉ ደረጃ በኋላ መቀመጡን አልጠላውም ነበር። ቦጋለ ጉዳዩን ሰሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣሪያውን አዩ፤ «የምንድራት ልጅ የለችንም» አሉ። ሳሌም ከበሩ ኋላ ቆማ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ሊያፈነዳት ደረሰ።

አዎ፣ ደስታዋ! ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን «እሺ» ተብሎ አይሸኝም። በመጀመሪያ ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ነው የሚመስለው። ቦጋለ ራሳቸው እታለማሁን ያገኙት ሽማግሌዎቻቸው ተመላልሰው ጫማቸው ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ በኩራት ያወሩታል። አብዱላሂ ወጉን ያውቃል። ዲንቁም ያውቃሉ፤ በቦረናም ቢሆን ሚስት በአንድ ጉዞ አትገኝም። የማያውቀው ጌድዮን ብቻ ነው።

ዲንቁ ደረጃው ሥር ሲያገኙት «የለችንም ብለውናል» አሉት ፈገግ ብለው። ፈገግታውን ማጽናኛ አደረገው። «አሳንቴ ሳና፣ አባባ» ብሎ አመስግኖ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ወጣ። እሱ ባደገበት እምቢ እምቢ ነው፤ እምቢ የተባለ ጨዋ ሰው ተመልሶ በር አይደበድብም። አብዱላሂ በማግሥቱ ከብት አስጭኖ ናይሮቢ ወረደ። ዲንቁ ደግሞ ልጁ «ተመለሱልኝ» እስኪላቸው ጠበቁ፤ ላኪው ሳይልክ ሽማግሌ ከራሱ ተነሥቶ አይሄድም።

በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ልጅቷ ከልጁ ጋር ደረጃ ላይ ቆማ ብታወራ ነውር ነው። ስለዚህ ሳሌም እሱ ሲያልፍ ደስታዋን ውጣ ዓይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። እሱ ያንን አየና «እሷም አልፈለገችኝም» አለ። ፌስታሉ መውረዱን አቆመ።

እሑድ መጣ። ቦጋለ ኮታቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተሰየሙ፤ እታለማሁ የሶፋውን ልብስ ቀየሩ። በሩን ያንኳኳ የለም። ሌላም እሑድ መጣ፤ ኮቱ ተለበሰ፣ ኮቱ ወለቀ።

«ይኼ ሰው አንድ ጊዜ እምቢ ቢሉት ቀረ?» አሉ ቦጋለ በመጨረሻ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ። «የእኔ ልጅ የአንድ ጉዞ ዋጋ ናት?»

«እምቢ ያልከው አንተ!» አሉ እታለማሁ።

«እኔማ ወጌን ነው ያደረስኩ! እሱ ነው የናቀን!»

ሳሌም ከክፍሏ ሰማች። «ናቀን» የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከአናቷ በላይ የእግሩን ኮቴ ትሰማለች፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ያን ያህል ቀርቦ ያን ያህል መራቅ እንዳለ እስከዚያ ቀን አላወቀችም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ከመናፈቅ፣ አገር ለአገር ተራርቆ መናፈቅ ሳይሻል አይቀርም።

* * *

ጊዜው 1998 ዓ.ም.፣ የገና ጾም ወቅት ነው። ነገሩ የፈነዳው አንድ ቀን ወደ ቀትር ላይ፣ ሳሌም ከሆቴሉ ለምሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ነርሷ ጆይስ በሯን ከፍታ ወለል ትወለውላለች።

«ሳሌም፣ ሰምተሻል? ምዋሊሙ አናሃማ!» አለች ጆይስ። «መምህሩ ሊለቅ ነው። ትራንስፈር። ናይሮቢ ዳር የሆነ ትምህርት ቤት አግኝቶ፣ ቤትም ፎቅ ላይ ተከራይቷል አሉ። ሎሪው ውጭ ቆሞ የለ?»

ሳሌም ሎሪውን አልፋው ነው የመጣችው። የአብዱላሂ ሎሪ ነው፤ አብዱላሂ ትናንት ከናይሮቢ ተመልሶ ዕቃውን አራግፏል፤ ሾፌሩ ሙከሚል በወታደር ታጅቦ የሚጓዘው የመኪና ኮንቮይ ሳይነሣ ለመድረስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። የጌድዮንን ጠረጴዛ ላዩ ላይ አይታ የማን ይሆን እንኳ አላለችም። የደረጃውን ብረት ያዘች።

ሁለተኛው ፎቅ ደረሰች። በራቸው ገርበብ ብሏል። ገብታ በሩን ዘግታ አልጋዋ ላይ መደፋት ትችላለች፤ ጨዋ ልጅ የሚጠበቅባት እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ከላይ፣ ደረጃው ከሚጠመዘዝበት፣ ግድግዳ የሚፍቅ ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል ፍራሽ አየች። ትልቅ የስፖንጅ ፍራሽ ጠመዝማዛው ላይ ተወትፎ ወደ ላይም ወደ ታችም አልል ብሏል። ከፍራሹ ወዲያ ሰው ያለከልካል። የሚታዩት ፍራሹን ያቀፉት ጣቶቹ ብቻ ናቸው።

የራሷን በር አልፋ ወጣች። ጨዋነቱ ከበሩ ጋር እዚያው ቀረ።

«ማነው?» አለ ጌድዮን። «ፖሌ፣ ይቅርታ፣ አሁን አሳልፋለሁ። ፍራሹ... ፍራሹ እምቢ አለ።»

«ታዲያ ተወዋ!» አለች ሳሌም። «እምቢ ያለህን ሁሉ ጥለህ መሄድ ልማድህ አይደል!»

ጣቶቹ ፍራሹ ውስጥ ሰመጡ።

«ሳሌም?»

«ስሜን አልረሳኸውም? እግዜር ይስጥህ።»

«አባትሽ የለችንም አሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየፈለገ። «ሰማሁ። አዘንኩ። ግን አባት ናቸው። አከበርኩ።»

«አከበርክ?» ድምፅዋ ደረጃውን ሞልቶ ጣሪያ ደረሰ። «አባቴ እሑድ እሑድ ኮት ለብሶ ይጠብቅሃል! እናቴ ሶፋ አልብሳ ትጠብቅሃለች! እኔ... እኔ ኮቴህን እየሰማሁ ዛሬ ይልካል፣ ነገ ይልካል እያልኩ አበድኩ! አከበርክ ይለኛል!»

«ለምን ይጠብቁኛል? እምቢ አሉኝ እኮ!»

«የመጀመሪያው ነዋ! መጀመሪያ እምቢ ይባላል! ሁልጊዜ ይባላል፣ ለሁሉም ይባላል! ከዚያ ሽማግሌው ይመለሳል፤ እምቢታው ልጅቷን ማክበሪያ ነው እንጂ በር መዝጊያ አይደለም!»

ጌድዮን ሲመልስ ድምፁ ቀጥኖ የሌላ ሰው መስሎ ነበር።

«እኔ አላውቅም ነበር» አለ። «እናቴ ይኼን ሳትነግረኝ ነው የሞተችው።»

የሳሌም ቁጣ እንደ ፈላ ወተት ከእሳት ሲያወርዱት እጥፍ ብሎ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ሳምንት ናቀኝ ስትለው የኖረችው ሰው፣ ለካ የሚነግረው አጥቶ ነው። እሷስ? ላክ ብላ ስትነግረው ምላሷ ላይ ትንሽ ብትጨምር ምን ነበረበት? መዳፏን ፍራሹ ላይ፣ ደረቱ ይሆናል ባለችበት በኩል አኖረች።

«አንቺም አላየሽኝም» አለ ጌድዮን። «ደረጃ ላይ ስንገናኝ መሬት ነው የምታዪው። ጠላችኝ አልኩ።»

«ነውር ስለሆነ ነው እኮ የኔ ሞኝ! ዓይኔን ቀና ባደርገው ፍላቱ በሙሉ ያነበው ነበር።»

«እኔ ናይሮቢ አልፈለግኩም። ትምህርት እስኪከፈት ገና ነው። ግን እዚህ... ከታች ስትስቂ እሰማለሁ። ሳህን ስታጥቢ እሰማለሁ። ስሰማ እዚህ ጋ ያመኛል።» የት ጋ እንደሚያመው አላየችም፤ ግን ታውቀዋለች፤ እሷንም እዚያው ጋ ነው የሚያማት።

«አትሂድ» አለች። ከዚያ በላይ የሚባል ነገር አልነበራትም። «ጌድዮን፣ አትሂድብኝ።»

የሎሪው ጥሩምባ ከታች አንባረቀ። «ምዋሊሙ!» አለ ሙከሚል ከመንገድ። «ኮንቮይ ሰው አይጠብቅም! ትዌንዴ! እንሂድ!»

ጌድዮን አፉን ሳይከፍት ከሥራቸው ሳል ተሰማ። ረጅም፣ ሆን ተብሎ የተሳለ ሳል። ሳሌም ዞር ስትል አባቷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ጆይስ መወልወያዋን ተመርኩዛ ከኋላቸው፣ እታለማሁ በበሩ ክፍተት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ፊታቸው ሁሉንም ይናገር ነበር።

ሳሌም በቁሟ ደረቀች። አባት ልጁን ከወንድ ጋር ደረጃ ላይ ሲያገኛት፣ ያውም «አትሂድብኝ» ስትል፣ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ቦጋለ ወደ ላይ አዩ። ልጃቸውን ሳይሆን ፍራሹን ነው ያዩት። ሴት ልጅ በደረጃ ላይ፣ በፍራሽ አማካይነት አትሰጥም። ባርኔጣቸውን ደፍተው የወጡትን ደረጃ መልሰው ወረዱ።

* * *

አብዱላሂ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ቦጋለ በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«አብዱላሂ።»

«አቤት አቶ ቦጋለ።»

«ዛሬ ከሰዓት ቤት ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያ ምን ይሁን?» ይል ነበር። አብዱላሂ ግን ሁለቱን አገር በንግድ የዞረ ሰው ነው፤ ሰው ምን ሊል እንደፈለገ መስማት እንጀራው ነው። ጨርቁን አስቀመጠ።

«ልጁ ግን አልላከኝም እኮ» አለ ጢሙን እየዳበሰ።

«ይልክሃል። ፍራሹ ተወትፎበት ነው።»

አብዱላሂ ሳቁን ዋጠ። «ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ወጉን ሳላስረዳው ናይሮቢ ሄድኩ። ዲንቁን ልጥራ?»

«እንደ ልማዱ» አሉ ቦጋለ፣ ወደ ሆቴላቸው አቅጣጫ እየተራመዱ። ትንሽ ሄደው ዞር አሉ። «ያንን ሎሪ ደግሞ ዝም አሰኘው፤ ጆሮዬን በላው።»

ሙከሚል ጠረጴዛውን ከሎሪው አውርዶ ግድግዳው ሥር አቆመና ብቻውን ወደ ኮንቮዩ ነዳ። ሳሌም ከበረንዳው አቧራውን አየች። አቧራው እስኪጠፋ አላመነችም፤ ሲጠፋ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጌድዮን «ተመለሱልኝ» ብሎ ላከ፤ ከሰዓት በኋላም ሽማግሌዎቹ መጡ። ቆሙ። ጉዳዩ ተነገረ። ሳሌም ከእናቷ ጋር ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«ልጁ ናይሮቢ ዳርቻ፣ ፎቅ ላይ ሊያኖራት ነው ይባላል» አሉ ቦጋለ።

«ደረጃ መውጣቱን በእኔ ቤት ለምዳዋለች» አለ አብዱላሂ።

ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣሪያውን አዩ። እታለማሁ ይህን ጉሮሮ መጥረግ ያውቁታል፤ በሕይወታቸው ሲሰሙት ኖረዋል። ባላቸው ለወጉ ብለው ሁለተኛ እምቢታ ሊጨምሩ ነው። ከጓዳ ሆነው ጮኹ፦

«እስቲ ይኼንን ልጅ ድገምና እምቢ በለው፤ ታንዛኒያ ይገባልሃል!»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦጋለ ለአንድ አፍታ ሊቆጡ ቃጡ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ፤ የልጅነት ፊታቸው ተመለሰ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። «ሰጥተናል። ከጥምቀት በኋላ ይሁን።»

«ጋላቶማ!» ብለው አመሰገኑ ዲንቁ፣ ሶፋው ላይ እንደ ተጣለ ጆንያ እየወደቁ።

እታለማሁ እልልታቸውን ለቀቁት። በሜዳ ላይ የሚለቀቅ እልልታ ይበተናል፤ በፍላት ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም። ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ፤ ጆይስ ከታች ተቀበለችው፤ ምክንያቱን የማያውቁትም ከየበራቸው መለሱ። እልልታው ሲያልቅ እታለማሁ ልጃቸውን አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ፎቁን ሲያማርሩ የኖሩት ሴት፣ ልጃቸው ከዚህ ፎቅ ርቃ ሌላ ፎቅ ልትሄድባቸው መሆኑ የገባቸው ያኔ ነው። «ደግ ነው» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ደግ ነው ልጄ። የሚራመድብሽ ሳይሆን አብሮሽ የሚራመድ አገኘሽ።»

ሳሌም የእናቷን እጅ ስማ ወጣች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ቢያያት ግድ ሳይሰጣት ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች። የጌድዮንን በር አንኳኳች።

ከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላው ባዶ ክፍልና መሬት ላይ የተጣለ ፍራሽ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን አልተያዩም ነበርና ሁለቱም አፈሩ።

«እልልታ ሰማሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልወረድክም?»

«ፈራሁ» አለ፣ የበሩን እጀታ እንደያዘ። «ይኼም የመጀመሪያ ቢሆንስ? መጀመሪያ እልል ይባላል፣ ከዚያ እምቢ ይባላል ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሳሌም ልትመልስለት ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፣ ለቅሶውም ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ሳምንታት ሙሉ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር በዚያ በኩል ወጥቶ ሄደ።

«ይኼኛው እሺ ነው፣ ጌድዮን» አለችው፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «እሺ ነው።»